የተረፈ ወንበር

ቅዳሜ ነው፣ ሻርጃ፣ ጧት አንድ ሰዓት ሆኖ፣
ጤዛው በመስኮቱ እንደ ላብ ተጭኖ፤
ያሲን ቢጫውን አውቶቡስ ሲቀሰቅሰው፣
እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፣ የሰው ልጅ ለሰው።
ሃያ ሦስት ወጡ፣ ሃያ ሦስት ወረዱ፤
አንድ የጎደለ ዕለት የቪዛዬ ጉዱ!

ሃያ አራተኛዋ፣ ከኋላ ጎማው ላይ የምትቀመጥ፣
ስሟ ከመዝገቡ የማይገለጥ፣
ረውዳ ናት፤ የእኔ ናት።
ቅዳሜ ትምህርት የላት፣ እኔ ግን ሥራ አለኝ፤ የት ልተዋት?

አጥሩ ላይ ማስታወቂያ በፕላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል፤
ሮቦት መሥራት፣ ዋና፣ ቼዝ፤ ዋጋው ከጎኑ ተጽፏል።
ሮቦቱ ስምንት መቶ ድርሃም፣ ለስድስት ቅዳሜ፤
አሰላሁት ቆሜ፤
ከደሞዜ ቀነስኩት፣ ከቤት ኪራይ ጋር አስታረቅሁት፣
እምቢ ሲለኝ ተውኩት።

ረውዳ የምትፈልገው ግን ሮቦቱን ነበረ፤
አንድ በካርቶን ሠርታ አልጋችን ሥር አደረ፣
ዓይኑ የእርጎ ክዳን፣
ስሙ ኢንጂነር ዘይዳን።

ጸሐፊዋ ዘንድ ገባሁ፣ ሚስ ሻይላ ከኬረላ፣
(እሷም የሰው አገር ሰው፣ ሁለት ልጅ ትታ ከኋላ)፤
«ወንበር ከተረፈ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ለሠራተኛ ልጅ ይሰጣል ያለ ዋጋ።
ሮቦት ሞልቷል። ዋና ሞልቷል። ቼዙም ሞልቷል እስከ አፉ።
የዐረብ የእጅ ጽሕፈት ነው የቀረው፤ አራት ልጆች ናቸው የተጻፉ።»
«ጽሕፈት?» አለች ረውዳ፣ ፊቷ የደመና ቀን፤
«በዚህ ዘመን?»

ኡስታዝ ሐምዲ፣ የአሌፖ ሰው፣
ሻይ ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ብዕር ሲይዝ የሚረጋ፣
ሸምበቆ በቢላ ሲያሾል ትንፋሹን የሚዘጋ፣
ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ «ይሄ ነው» አለ «ቀለም»፤
ረውዳ እጇን አወጣች፤ «ኡስታዝ፣ እሱ አይደለም፤
እሱ ብዕር ነው፤ ቀለም ጥቁሩ ነው፣ ብልቃጥ ውስጥ ያለው።»
አራቱም ሳቁባት። እሱ አልሳቀም፤ «ማነው
ያስተማረሽ?» «እናቴ።» ወደ መስኮቱ ቢያይ፣
ጎንበስ አልኩ፤ ጨርቄ ብቻ ቀረ መስታወቱ ላይ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው «ቀለም አቀብዪኝ» ሲላት፣
ብልቃጡን ታቀብለዋለች፤ ብዕር ነው የጠየቃት።
አንዳቸውም አልተሸነፉ፤ ሁለቱም እልኸኛ፤
በመሐል የጠቆረው ጠረጴዛው ነው፣ ምስኪኑ ዳኛ።

አንድ ማታ አፏን ስትከፍት ምላሷ ጠቁሯል።
«ምን በላሽ?» «ጫፉ ሲደርቅ ኡስታዝም ይልሰዋል።»
እኔ ሐርቡ ሳለሁ፣ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት፣
«ቀለም ቀመስ» ሲባል የእርሻ ሠራተኛው፣ እውነት መስሎኝ ሰማሁት፤
አንድ ቀን ከወንድሜ ብልቃጥ ጣቴን ነክሬ
ቀመስኩ። መረረኝ። ለማንም አልነገርኩ፣ እስከ ዛሬ።
«አንቺስ» አልኳት «ጣመሽ?»
«ዝገት ዝገት ይላል፤ እማ፣ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»
ጥርስሽን ታጠቢ አልኳት።

ስድስተኛው ቅዳሜ የኤግዚቢሽን ቀን ሆነ፤
ወላጅ ሁሉ ስልኩን ደቀነ፤
አንዱ ሮቦት ከጠረጴዛው ጠርዝ እየዘፈነ
ወርዶ ተበተነ።
(«ዘይዳን አይወድቅም ነበር» አለችኝ በጆሮዬ።)
የእሷ ጥግ ላይ ነው፣ በወፍራም ወረቀት፤
የአውቶቡሳችን ስም ዝርዝር፣ ያለ አንድ ስህተት፤
ከቀኝ ዐረብኛው፣ ከግራ ፊደላችን መጥተው፣
መሐል ላይ ሊጋጩ ሲሉ ቆመዋል ተያይተው።
ኻሊፋ፣ ማርዋ፣ ጆሹዋ... እስከ ታች ቆጠርኩት፤
ሃያ አራተኛው ላይ ጣቴን አቆምኩት።
ኡስታዝ ከኋላዬ፣ «ቀለሟ ጥሩ ነው» አለኝ፤
የትኛው ቀለም እንደሆነ መጠየቅ አላሰኘኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ያሲን ከመሪው ሳይዞር
«ስንት?» አለ፣ እንደ ወትሮው ነበር።
«ሃያ አራት» አልኩት።
በመስተዋቱ አየኝ፤ ምንም አላለም።
ማርሹን አስገባ፤ ሄድን።